ሊቀ ትራንስፈር

የአገር ሰው አምስት ሆኖ በተሰበሰበበት ሁሉ አንዱ የኮሌጅ አማካሪ መሆኑ አይቀርም። የቀጠረው የለም፤ ራሱ ይመረቅ አይመረቅ የጠየቀውም የለም። ብቻ የማንን ልጅ የት እንዳስገባ ይተርክላችኋል። ልጁ ዶክተር ከሆነ በእሱ ምክር ነው፤ ካልሆነም ምክሩን ስላልሰማ ነው።

የሴንት ፖል ከተማው ባለማዕረግ ክቡር አቶ ዘርእማርያም ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት የአየር ማረፊያ ፓርኪንግ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት ስለተማሩ እሳቸው ፊት ሰዋስው የሚያበላሽ ወዮለት። ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ባለ ምግብ ቤት ውስጥ የመስኮቱ ጠረጴዛ ቢሯቸው ነው፤ ወላጅ ሁሉ የልጁን ውጤት ይዞ እዚያ ይቀርባል። ደንበኛው “ሊቀ ትራንስፈር” ብሎ ሾማቸው፤ እሳቸውም ሹመቱን አልመለሱም።

“ትልልቅ ኮሌጆች ከትራንስፈር አመልካች፣ ከሌላ ኮሌጅ ልዛወር ከሚል ማለት ነው፣ የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው” ይላሉ፣ የሻዩን ማንኪያ እንደ አለንጋ አንስተው። “አንደኛ ውጤት፤ የሃይስኩሉን ሳይሆን የኮሌጁን። ሁለተኛ ምክንያት። ወደምን እንደምትሄዱ ተናገሩ እንጂ ከምን እንደሸሻችሁ አትናገሩ። የምትለቁትን ቤት አትስደቡ፤ ያጎረሰ እጅ አይነከስም።”

“ሦስተኛውስ?”

“ሦስተኛው ጊዜው ሲደርስ ይነገራል።”

ይህን ጥያቄ አብዝታ የጠየቀችው ገላኔ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ቤቱ ውስጥ ታስተናግዳለች፤ በቀረው ጊዜ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትማራለች። ቤት የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛዋን ያቃናችው ሻይ ባመላለሰች ቁጥር ከሚያርሟት ከአቶ ዘርእማርያም ነው። ያመለከተችው ከከተማው ባቡር መስመር ብዙም ወደማይርቅ አንድ ኮሌጅ ብቻ ነበር። ከመቶ አመልካች አሥሩን እንኳ አይቀበልም። ግን የተቀበለውን ተማሪ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ ከእናቷ ከወይዘሮ ፋዮም አያርቃትም። ሁለቱን የሚያሟላ ሌላ አላገኘችም።

ውጤቷ ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ ቀዳዳ አለበት። ሮቢንስዴል ሆስፒታል የተኛች እናቷን ስታስታምም ሁለት ኮርስ ወድቃለች። ይህንኑ በማመልከቻ ድርሰቷ ውስጥ ጽፋው ነበር። አቶ ዘርእማርያም አንብበው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ስሚኝ ጓለይ” አሉ፤ ልጄ ለማለት ሲፈልጉ ትግርኛው ይቀድማቸዋል። “የእናት በሽታ ገበና ነው። ገበና በማመልከቻ አይወጣም። ሰርዢው።”

ገላኔም ሰረዘችው። ሊቅ ተናግሮ ማን ይከራከራል?

በሳምንቱ የኬሚስትሪ መምህሯ ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች። ያልተብራራ ኤፍ ያየ ሰው የራሱን ታሪክ ይፈጥርለታል፣ ሰነፍ ናት ብሎ ያልፋል አለቻት። ገላኔ ይህን ለሊቀ ትራንስፈር ልትነግር መጥታ አቃታትና ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

“ማመልከቻውን ሰብሚት አድርጌዋለሁ እኮ አባባ!” አለች በመጨረሻ። “አለቀ! እርስዎን ሰምቼ!”

አቶ ዘርእማርያም ባርኔጣቸውን አነሱ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ገላኔ ይህን ሲያደርጉ አይታ አታውቅም። ተናደው ነው ብላ እሷም ይበልጥ ተናደደች።

በማግስቱ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ካመለከተችበት ኮሌጅ የአመልካቾች ቢሮ ነው።

“ሁለት ትልልቅ ሰዎች እዚህ መጥተዋል” አለች ሴትዮዋ በፈረንጅ ትህትና። “ወንበር ብንሰጣቸው አንቀመጥም አሉ። ስምሽን ይጠራሉ። ደህና ናቸው?”

ገላኔ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ለልመና የሄደ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ እሷ ታውቃለች። ሴትዮዋ ይህን ከየት ታውቀው? እየሮጠች ስትደርስ አቶ ዘርእማርያም በሰርግ ሱፋቸው፣ ጓደኛቸው አቶ ሓሚድ በነጭ ኮፍያቸው፣ ባርኔጣና ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው አራት ባዶ ወንበር ተደርድሯል።

“ጥፋቱ የኔ ነው” ይሉ ነበር አቶ ዘርእማርያም። “ልጅቱ እውነቱን ጽፋ ነበር። ገበና ነው ብዬ ያሰረዝኳት እኔ ነኝ። ስድስት ሳምንት እናቷን ስታስታምም በዓይኔ አይቻለሁ። ቅጣት ካለ በኔ ይሁን።”

አቶ ሓሚድ በየመሃሉ “እውነት ነው” ይላሉ።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ ወደ ገላኔ ዞረች። “በአንድ ገጽ ጽፈሽ እስከ ዓርብ ላኪልኝ፤ ፋይልሽ ውስጥ ይገባል። እባካችሁ አሁን ተቀመጡ።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ተቀመጡ።

“ተቀብለናታል ማለት ግን አይደለም” አለች ሴትዮዋ ፈጥና።

“ገብቶናል” አሉ አቶ ዘርእማርያም፣ ልጁን ድሮ ኩሎ እንደመጣ ሰው እግራቸውን አነባብረው። ገላኔ ሳቋና ለቅሶዋ ተደባለቁባት፤ እኚህን ሰው እንደምትወዳቸው ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

መልሱ በግንቦት መጣ። ስልኳን ይዛ ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ ሄደች። አቶ ዘርእማርያም ሁለት ጊዜ አንብበው መነጽራቸውን ጠረጉ።

“ገባሽ” አሉ።

“እንግዲህ ጊዜው ደረሰ አይደል? ሦስተኛውን ይንገሩኛ።”

ሻያቸውን ትክ ብለው አዩት።

“አላውቀውም ጓለይ።”

“እንዴት አያውቁትም?”

“እዚህ አገር እንደመጣሁ አመልክቼ ነበር፤ የአዲስ አበባውን የሁለት ዓመት ትምህርቴን ይዤ። ውጤት ነበረኝ። ምክንያትም ነበረኝ። እናዝናለን የሚል ደብዳቤ ላኩልኝ፤ ምን እንደጎደለኝ ግን አልነገሩኝም። እንግዲያው ሦስተኛ ነገር አለ ማለት ነው ብዬ ይኸው ስፈልገው ኖርኩ።”

ገላኔ ወንበር ስባ በአስተናጋጅ ሽርጧ አጠገባቸው ተቀመጠች።

“ያ የአዲስ አበባው የውጤት ትራንስክሪፕት የት አለ?”

አቶ ዘርእማርያም እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደው በላስቲክ የተጠቀለለ ቢጫ ወረቀት አወጡ። ቤት ሄደው መፈለግ እንኳ አላስፈለጋቸውም።

“ነገ ጠዋት ሱፍዎን ይልበሱ” አለች። “እኔ ወደምለቀው ኮሌጅ እንሄዳለን። ሽማግሌዎቹ እኔና እማዬ ነን።”

“በዚህ ዕድሜዬ? ተይ እንጂ ልጄ። ማን ይቀበለኛል?”

“እስኪቀበሉዎት” አለች ገላኔ፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ እየተቀበለች፣ “ቁጭ አንልም።”