ለፋሲካ የሚላክ ፎቶ

ፎቶ አይዋሽም ይላሉ። እውነት ነው፣ ፎቶው ምን በወጣው! የሚዋሸው ከፊቱ የቆመው ሰው ነው። እናንተም እስቲ አልበማችሁን ገልጣችሁ እዩ። ያ ክራቫት ከማን የተዋሳችሁት ነበር? ያ ሶፋስ የማን ሳሎን ነው? ፎቶ ቤት ሄደን፣ ግድግዳ ላይ የተሳለ ፏፏቴ ሥር ቆመን፣ "አለቀ" እስክንባል ድረስ ትንፋሻችንን ውጠን የምንደርቅ ሰዎች ስለ እውነት ብዙ ባንናገር ይሻላል። እኔማ በተለይ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን ከለንደን ከተመለስኩ ወዲህ አላስችል አለኝ።

ልጄ ሠናይት አገር የለቀቀችው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ ወላጅ ልጁን ደጅ መላክ በፈራበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ በየፋሲካው አንድ ፎቶ ትልክልን ነበር። አንዱን ዓመት ድልድይ ላይ በቀይ ካፖርት፣ በዓመቱ ከትልቁ ሰዓት ሥር በሰማያዊ ሻርፕ፣ ሌላውን ዓመት ከነሐስ አንበሶች አጠገብ ባርኔጣ ደፍታ። አባቷ ፎቶውን አቅርቦ አርቆ ያይና፣ "ይቺ ልጅ ሥራ የላትም እንዴ? ሁልጊዜ ሽርሽር ላይ ናት" ይላል። እኔ ደግሞ "ተመስገን፣ ደልቷታል ማለት ነው" ብዬ ለእመቤታችን ጧፍ አበራለሁ። ሌላ ምን እጠይቃለሁ?

ቪዛው ተሳክቶልኝ ስሄድ ታዲያ ከበርበሬውና ከሽሮው ሌላ ሻንጣ የማይችለው አንድ ከባድ ነገር ይዤ ነበር። የተወለደችበት ቤት ከፈረሰ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰፈራችን ለልማት ተነሥቶ እኛ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገብተናል። እሷ ግን አታውቅም። በደወለች ቁጥር "ኮኩ አፈራ?" ትላለች፣ ጓሯችን የነበረውን ዛፍ ማለቷ ነው። እኛም "አፈራ፣ አፈራ" እንላታለን። ስነሣ አባቷ፣ "ዓይን ዓይኗን እያየሽ ንገሪያት፤ ደግሞ እህል ከቀመሰች በኋላ ይሁን" አለኝ። ልክ እንደ መርዶ። አርችዌይ በሚባል ሰፈር ከምትኖርበት ቤት ከገባሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በየቀኑ እህል ትቀምሳለች፤ በየቀኑ እኔ ነገሩን እውጠዋለሁ።

"እማዬ፣ ቅዳሜ ኦፍ ነኝ። የት ልውሰድሽ?" አለችኝ።

"ፎቶ የተነሣሽበት ቦታ ሁሉ። አንቺ የቆምሽበት ቆሜ ልነሣ።"

ፊቷ ልውጥ አለ። "ሁሉም ቦታ?"

"ሁሉም።"

ቅዳሜ ወጣን።

ከአውቶቡስ እንደ ወረድን አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ሰዉ ሁሉ ካሜራውን ደግኖበታል። እኔ ካሜራ አልያዝኩ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ግንቡን ተሳለምኩ። ቀና ስል ካሜራዎቹ ወደ እኔ ዞረዋል! "እማዬ፣ አንቺም ቅርስ ሆንሽ እኮ" ብላ ሳቀችብኝ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አይደለም አትበሉኝ፤ ያ ድንጋይ ስንት ዘመን ሰው ሲጸልይ ሰምቷል።

ትንሽ እንደ ሄድን ሰዓቱ ብቅ አለ። ተነሣሁ። ከሰዓቱ ዞር ስንል ድልድዩ። ተነሣሁ። ተመልሰን፣ የጀመርነውን ወሬ እንኳ ሳንጨርስ አንበሶቹ ዘንድ ደረስን። እኔ እንግዲህ በመካከላቸው ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ያለውን ያህል መንገድ ነበር የጠበቅኩት።

"ሠናይት፣ ይሄ ሁሉ አንድ ሰፈር ነው እንዴ?"

አንበሶቹ ሥር ካለው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

"በአንድ ቀን ነው የተነሣሁት፣ እማዬ።"

"ምኑን?"

"ስምንቱንም። የመጣሁ ዓመት፣ አንድ እሑድ። ካፖርቱም ባርኔጣውም አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ነው፤ በፌስታል ይዤ እየቀያየርኩ። ኤድመንተን የሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳሽግ ነበር የምውለው። ከዚያ ወዲህ እዚህ የመጣሁት ዛሬ ካንቺ ጋር ነው።" ቀና ብላም አላየችኝ። "ተቀየምሽኝ?"

"ለዚህ ነዋ በየፋሲካው ያላረጀሽብን!" አልኳት። አውሮፕላን ማረፊያ ፊቷን ቶሎ ያልለየሁትም ለዚህ ኖሯል። ይህን ግን በሆዴ ነው ያልኩት።

እዚህ ላይ እናት የሆነች ሰው ልጇን አቅፋ ታጽናናለች። የእኔ አፍ ግን ሦስት ሳምንት የዋጠውን አወጣው። "ቤታችን ፈርሷል" አልኳት። እህል እንኳ አልቀመሰች።

አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም። ቤቱ ሲፈርስ አባቷ አረንጓዴውን የቆርቆሮ በር ነቅሎ ማምጣቱን፣ እኛም ለፋሲካ ለምንልክላት ፎቶ ወደ ደጅ አውጥተን እንደምናቆመው፣ የሕንጻው ዘበኛ አቶ ሽፈራው ከኋላ ሆነው እንደሚይዙልን፣ እኛ የአገር ልብሳችንን ለብሰን ከፊቱ ስንገተር የአራቱም ፎቅ ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ እንደሚያየን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

እስክጨርስ ሰማችኝና፣ "ታዲያ ያ ጣት የእሳቸው ነው?" አለች።

"የምን ጣት?"

"ከበሩ ጫፍ አራት ጣት ይታያል። ዘንድሮም፣ ዓምናም። የአባዬ እንዳልል እሱ ከፊት ቆሟል። ስንት ቀን አፍጥጬ አየሁት መሰለሽ! መጠየቅ ፈራሁ። ኮኩ አፈራ ወይ የምልሽ እንድትነግሪኝ ነበር እኮ፣ አንቺ ደግሞ አፈራ ትያለሽ!"

"ተቆርጧል" አልኳት።

"እሺ" አለች፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። በነጠላዬ አንድ ጫፍ እሷ፣ በሌላው ጫፍ እኔ ዓይናችንን ጠረግን። አንበሶቹን ሊያነሣ የመጣ ሁሉ እስክንነሣለት ቆሞ ጠበቀን።

ቤት እንደ ገባን ክፍሏ ውስጥ ጎን ለጎን አልጋዋ ላይ ተቀምጠን ተነሣን። ከኋላችን መስኮቱ ላይ የተሰጣ የሥራ ዩኒፎርሟ አለ። ለአባቷ በስልክ ላክንለት። ወዲያው ደወለ።

"ይሄ ደግሞ የት ነው?"

"ቤቷ" አልኩትና የሁለታችንንም ጉድ ነገርኩት።

"ይሄኛው የእኔ ነው፣ ለማንም አላሳየውም" አለ። "ለጎረቤት የማሳየው የድልድዩን ላኩልኝ።"

ላክንለት። ጎረቤት ምን በደለ።