የቀራንዮው ሊቀ ሲኒማ

በዓለም ላይ ሲኒማ ቤት ተሠርቶ ፊልሙን ቀድሞ ያየ ሰው ያልተገኘበት ቦታ የለም። ይህ ሰው ሁልጊዜ ከኋላችሁ ይቀመጣል። ትንፋሹ ማጅራታችሁን ያሞቀዋል። ልጅቷ በሩን ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ «አሁን የሚገባው ወንድሟ ነው» ይላችኋል፤ ወንድሟም ይገባል። ዞራችሁ ብትገላምጡት ቅር የሚለው እሱ ነው፤ በነጻ ያደላችሁን እውቀት የማታመሰግኑ ሰዎች ናችሁና።

በዕድሜዬ የዚህ ዓይነት ሰው ብዙ አይቻለሁ። ከቀራንዮው ከአቶ ገሜዳ ፊት ሲቆሙ ግን ሁሉም ጀማሪዎች ናቸው።

ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ መንገድ የሚሠራ አንድ ኩባንያ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ዝቅ ብሎ የነበረውን የሲሚንቶ መጋዘኑን እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ አደረገው። መስኮቶቹ በጆንያ ተሸፈኑ፤ አንዱ ግድግዳ በኖራ ተለቀለቀ። ነጮቹ የሚያዩበት ቀን ሌላ፣ የሚቀመጡበትም ወንበር ሌላ ነበር። ለእኛ አግዳሚ ተሠራልን፤ የሠሩት አናጺው አቶ ገሜዳ ናቸው። ስለ ድካማቸው ሁልጊዜ በነጻ እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አግዳሚውን ብቻ ሳይሆን ፊልሙንም የጠረቡት እሳቸው ይመስላቸው ጀመር።

ፊልሙ አንድ ብቻ ነበር። የፈረንጆቹ ልደት ከእኛ ገና አሥራ ሦስት ቀን ይቀድማል፤ ለዚያ በዓል ተብሎ የመጣ የዘፈን ፊልም ነው። ሌላ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። ስለዚህ ቀራንዮ በሁዳዴም፣ በሰኔም፣ የሐምሌ ጎርፍ አጥር ሲጠርግም፣ በየእሑዱ የፈረንጅ ልደት ሲያከብር ከረመ።

ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ብዙ አይፈጅም። ተራራ ላይ ያለች አንዲት መንደር አለች። አንድ ሽማግሌ ፖስተኛ የበዓሉን ደብዳቤ ተሸክሞ በበረዶ ውስጥ ይሄዳል። ሴት ልጁ መስኮት ላይ ሆና ትዘፍናለች። እሷን የሚወድ ዳቦ ጋጋሪ ሊጥ እያቦካ ይዘፍናል። ፖስተኛው ራሱ ዳገት እየወጣ ይዘፍናል፤ ዳገት ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህ እንደማይሆን ያውቃል። በመጨረሻ ሽማግሌው ዛፍ ሥር በረዶ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ሞቷል። መንደሩ ሻማ ይዞ ይከበውና፣ ማልቀስ ሲገባው፣ ይዘፍናል። ደወል ይደወላል፤ ያልቃል።

ሰው ግን ያብድለት ነበር። ወንዝ ወርደው ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች የዳቦ ጋጋሪውን ዜማ ያንጎራጉራሉ። የፖስተኛው ልጅ ስታለቅስ ጎረምሳው ሁሉ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። ቤቱ ተቃጥሎ፣ ዘመዱ ታርዶ የከረመ ሕዝብ በገዳዩ አገር ዘፈን ሲንሰፈሰፍ ማየት ያበግነኝ ነበር። እኔ ደሜ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ በዚያው ኩባንያ መጋዘን ጸሐፊ ሆኜ እሠራ ነበር። እንጀራዬን ከማን እጅ እንደምበላ ግን በበገንኩ ጊዜ ሁሉ ትዝ አይለኝም ነበር።

ወደ ሊቀ ሲኒማ ገሜዳ እንመለስ።

እኛ የምናውቀው በረዶ ጎመን የሚያረግፍ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድብ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ግን እንደ ላባ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሰዎቹም ከሥሩ አይሸሹም። በመጀመሪያው እሑድ አዳራሹ ግራ ተጋባ። አቶ ገሜዳ ተነሥተው፣ ይህ የተባዘተ በረዶ እንደሆነ፣ ጣሊያን በፋብሪካ እንደ ጥጥ እያስባዘተ ወደ ላይ እንደሚልከው አስረዱ። ሰው አመነ። እኔም አንድ ሳምንት ያህል አምኜ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

የሚወዷት ቃል ነበረቻቸው። አንዱ ዘፈን አልቆ ሰው ሲያጨበጭብ፣ ወይም አንዱ ወደ ደጅ ሊወጣ ብድግ ሲል፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው «ተቀመጥ፤ ዋናው ገና ነው» ይላሉ። ገና ያሉት በዓሉን ነው ወይስ ጊዜውን እየተባለ ሰፈሩ ውስጥ ክርክር ተነሣ። ሁለቱንም ነው ብለው ዘጉት።

ዋናው የሚሉት የፖስተኛውን ሞት ነው። ሽማግሌው ገና ከቤቱ ሲወጣ፣ ሳይደክመው፣ ሳይበርደው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ይህ ሰው ተመልሶ አይገባም» ይላሉ። ጫካ ሲገባ «ይኸው፣ ሊሞት ነው»፤ ሲወድቅ «ሞተ»፤ ሲገኝ «አላልኳችሁም?» አንድ ሰው በአንድ ፊልም አራት ጊዜ የሚሞተው በቀራንዮ ብቻ ነው።

ከአዳራሹ ውጭም አይለቁንም። እንጨት ሲልጉ ግማሹ ጣሊያንኛ ግማሹ ኦሮምኛ በሆነ ቃል የፖስተኛውን ዘፈን ያወርዱታል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጉዲቱ፣ ልጃቸውን እንኳ እሹሩሩ ብለው የሚያስተኟት በዚሁ ዘፈን መሆኑን ለጎረቤት እያማረሩ ይናገሩ ነበር። ዳቦ ጋግራ የምትሸጠውን ሰብሌን አንድ ቀን ደጇ ላይ አቁመው፣ ሊጥሽ ኩፍ የማይልልሽ ስለማትዘፍኚ ነው አሏት። ለቅሶ ቤት ሲቀመጡ ሐዘንተኛውን ጣሊያን አገር እንዴት እንደሚለቀስ ያስተምራሉ።

አንድ እሑድ ደግሞ ማሽኑን የሚያዞረው ጣሊያን የፊልሙን ጥቅልሎች አቀያይሮ ገጠማቸው። ፖስተኛው መጀመሪያ ሞተ፤ ከዚያ ተነሥቶ ደብዳቤ ማደል ጀመረ። እኛ ትንሣኤው ደስ ብሎን ልናጨበጭብ ስንል አቶ ገሜዳ ከአግዳሚው ተነሡ፤ ጥላቸውን ግድግዳው ላይ እንደ ግንብ እያቆሙ በብርሃኑ መሐል ተራመዱና ሰውየውን በጣታቸው አስቆሙት። አበሻ ለነጭ ቀና ብሎ በማይናገርበት ዘመን ነው።  ጣሊያኑ እሳቸውን አየ፣ ጥቅልሉን አየ፣ «ስኩዚ» ብሎ ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለው። ሰፈሩ ለሦስት ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረውም። እኔ አልተደነቅኩም። አገሩ ሲወረር ያልተቆጣውን ቁጣ ለፊልም ጥቅልል የሚያወጣ ሰው ምኑ ያስደንቃል?

ይባስ ብሎ አስተርጓሚም ነበሩ። በፊልሙ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ጮክ ብለው ወደ አማርኛ ይመልሳሉ። እኔ በመጋዘን ሥራ ጣሊያንኛ እየለመድኩ ስመጣ፣ በሁለተኛው ዓመት አንድ ነገር ገባኝ፤ ሊቃችን ከሰላምታና ከመሣሪያ ስም በቀር የጣሊያንኛ ቃል አያውቁም። ልጅቷ አባቷን «ካፖርትህን ልበስ፣ ይበርዳል» ስትለው እሳቸው «መሬቱን ለማን ነው የምታወርሰው እያለችው ነው» ይላሉ። ዳቦ ጋጋሪው ተንበርክኮ ፍቅሩን ሲገልጽ «ስንዴ ጠፋ እያለ ነው» ይላሉ። ሰውም ከንፈሩን ይመጥጣል።

እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። ጓደኞቼን ሰብስቤ፣ በሚመጣው እሑድ፣ ለ1931 ገና ስድስት ቀን ሲቀረው፣ በሞላ አዳራሽ ፊት አዋርዳቸዋለሁ አልኩ። እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር ከሥር ከሥራቸው እየተከተልኩ ላርም ነው። እሑድ ደረሰ። ቀደም ብዬ ገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

በዚያ ቀን ብርቅዬ መጣች።

ብርቅዬ ጎረቤታችን ናት። ባለቤቷ ፈቀደ ከመኳንንቱ የአንዱ ቤት አዛዥ ነበር። ከየካቲቱ ጭፍጨፋ በኋላ ጌታውን ሲወስዱ እሱንም አብረው ወሰዱት። በመርከብ ተጭኖ ጣሊያን አገር እንደታሰረ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ብርቅዬ ሲኒማውን ትጸየፈው ነበር፤ በዚያ ደጅ ስታልፍ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ትጠመጥማለች። ያን ዕለት ግን ከወይዘሮ ጉዲቱ ጋር ገብታ ከፊታችን ተቀመጠች። አቶ ገሜዳ ገርሟቸው ምን እግር ጣለሽ ቢሏት፣ ዘፈኑን ፈልጌ አይደለም፣ እሱ ያለበትን አገር ልየው ብዬ ነው አለቻቸው።

ፊልሙ ተጀመረ። ዘፋኞቹን አላየቻቸውም። የምታየው ከዘፋኞቹ ኋላ የሚያልፈውን ሰው ነበር፤ ገበያው ላይ የሚተላለፉትን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የቆሙትን፣ ጀርባቸው ብቻ የሚታየውን። አንድ ጊዜ ከአግዳሚው ተነሥታ ወደ ግድግዳው ጥቂት ተጠጋችና ተመልሳ ተቀመጠች። ማንን እየፈለገች እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሲገባኝ ላርም ያሰብኩት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

ሽማግሌው ከቤቱ ሲወጣ አቶ ገሜዳ ዝም አሉ። እንዲህ ሆነው አያውቁም። ሰው ዞሮ አያቸው። ጫካ ሲገባ እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይኸው፣ አሁን ይህ ሽማግሌ...» ብለው ቆሙ። የብርቅዬን ማጅራት ሲመለከቱ አየኋቸው። «...ይደክመውና ዛፍ ሥር ጋደም ይላል» አሉ።

አዳራሹ ውስጥ ከመቶ የማያንስ ሰው ነበር። ሽማግሌው መሞቱን የማያውቅ ከብርቅዬ በቀር አልነበረም። አንድ ሰው እንኳ አልሳለም።

መንደርተኛው ሽማግሌውን አገኘው። የመንደሩ ቄስ ጎንበስ ብሎ ነካ አደረገውና «ሞርቶ» አለ፤ ሞቷል ማለቱ ነው። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ቃል የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ በየመንገዱ ሰምተነዋል። ብርቅዬ ዞረች። አቶ ገሜዳን አላየቻቸውም፤ ጣሊያንኛ እንደማውቅ ታውቃለች፣ የዞረችው ወደ እኔ ነው።

«ደሜ፣ ሞርቶ አለ አይደል?»

የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነበር። ከጎኔ አቶ ገሜዳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። ጓደኞቼ ከኋላ ሆነው ይጠብቁኛል።

«ብሏል» አልኳት። «በጣም ለደከመ ሰውም እንዲሁ ይሉታል።»

ጥቂት አየችኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። መንደሩ ሻማውን ይዞ ሲሰበሰብ፣ ሻማው ለምንድን ነው ብላ ጠየቀች።

«እንዳይበርደው ነው» አሉ አቶ ገሜዳ።

ከዚያ ወዲያ ብርቅዬ በየእሑዱ መምጣት ጀመረች። ፖስተኛውም በየእሑዱ ሲተኛ ከረመ። አቶ ገሜዳ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዋናውን አንድ ቀን እንኳ አልተናገሩም፤ ምላሳቸውን ሲነክሱ ከጎን ሆኜ አይ ነበር። እንዲህም ሆኖ አላደነቅኳቸውም። ከዓመት በላይ ሲዋሽ የኖረ ሰው አንድ ውሸት ቢጨምር ምን ይቸግረዋል እያልኩ ለጓደኞቼ አፌዝባቸው ነበር። እኔ ስለ ዋሸሁት ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሣሁትም።

በግንቦት ወር ፈቀደ ተፈትቶ መጣ።

ከስቷል፤ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሲቀመጥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው። ሰፈሩ እየጎረፈ ቤቱን ሞላው። ምን አበሏችሁ፣ እንዴት አሰሯችሁ፣ ይደበድቧችሁ ነበር ወይ፣ እነ እገሌ እንዴት ሞቱ እያለ ያልጠየቀው ሰው የለም። እኔም ጠይቄዋለሁ። በአንድ በሁለት ቃል ይመልስና ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ብርቅዬ እንግዳ ስታስተናግድ ዓይኗ እሱ ላይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አቶ ገሜዳ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። እንኳን ለአገርህ አበቃህ ብለው ስመውት ተቀመጡና ያለ ምንም መግቢያ ስለ ጣሊያን አገር ይነግሩት ጀመር። ሁለት ዓመት እዚያ ታስሮ ለመጣው ሰው! የተባዘተውን በረዶ፣ የዳቦውን አጋገር፣ ደብዳቤ እንዴት እንደሚታደል፣ ሁሉንም በተራ አስረዱት። ፈቀደ ሁሉንም ሰማና፣ እሱ የታሰረበት ባሕር መሐል ያለ ደሴት እንደነበር፣ በረዶ የሚባል እንዳላየ በቀስታ ነገራቸው።

«አለ» አሉ አቶ ገሜዳ። «አላሳዩህም እንጂ አለ።»

ከዚያ ወደ ፖስተኛው ዘፈን ገቡ። እኔ አፈርኩ። ፈቀደ አየር ሊቀበል ወደ ደጅ ሲወጣ ተከትዬው ወጣሁ። አጥሩ ሥር ደርሼበት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሰውዬው ልማዳቸው እንደሆነ፣ ከፈለገም አንድ ሰበብ ፈጥሬ ይዣቸው እንደምሄድ ነገርኩት።

ከውስጥ የአቶ ገሜዳ ድምፅ ይሰማል። ፈቀደ ጥቂት አዳመጠ።

«ተዋቸው» አለኝ። «ከመጣሁ ጀምሮ ያየኸውን ንገረን ያላለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ይህን ብሎ ተመልሶ ገባና ከጎናቸው ተቀመጠ።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ መጋዘኑ ስወርድ ሁለቱ ከፊቴ ይሄዱ ነበር። አቶ ገሜዳ በእጃቸው ጉልበታቸውን እየነኩ የበረዶውን ጥልቀት ያሳያሉ፤ ፈቀደ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ብርቅዬና ወይዘሮ ጉዲቱ ከኋላቸው ናቸው። ከአቶ ገሜዳ አጠገብ ያለው ቦታ እንዳይያዝብኝ እርምጃዬን አፈጠንኩ።