ስለ ምርጫ የሚመክሩት ጋሽ በላቸው

ካልሲያቸውን እንኳ ሚስታቸው የሚመርጡላቸው ሰው ስለ ምርጫ ሲመክሩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ምሳ ላይ፣ በውጭ አገር፣ ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ጎረቤታችን ጋሽ በላቸው ወንድሜን ሄኖክን በምክር ይዘውት ነበር።

«ወንድ መውደድ ምርጫህ ነው። መርጠህ ለገባህበት ነገር የጋብቻ መብት አይገባህም!»

«እርስዎስ ሴት መውደድን መቼ መረጡ፣ ጋሼ?»

«እኔማ ምን እመርጣለሁ! አስቴርን ሳያት የምሄድበት ጠፋኝ!»

«እኔም ዳንኤልን ሳየው እንደዚያው ሆንኩ። ከዚያ ተጋባን።»

ሚስታቸው እትዬ አስቴር እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋሼ ሰላጣው ውስጥ ሊደበቁ ምንም አልቀራቸው።

የዚያኑ ዕለት አመሻሹ ላይ ሄኖክ ልቡ በድንገት ቆሞ ሞተ።

በማግስቱ ጠዋት ለቀስተኛው ሲገባ፣ ዳንኤል እንደ ሩቅ ሰው በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። እጁን ይዤ ከእናታችን ጎን አስቀመጥኩት። ለሚገባው ሁሉ፣ ለጋሽ በላቸውም ጭምር፣ «የሄኖክ ባል ነው፤ እሱን አጽናኑት» አልኩ።