የላይኛውን ድምፅ ፍለጋ

ሰው ቁልፉ ቢጠፋበት ይፈልጋል፣ ስልኩ ቢጠፋበት ያስደውላል። ድምፁ፣ ያውም የላይኛው ግማሽ ብቻ የጠፋበት ሰው ግን ማንን "አይተሃል?" ብሎ ይጠይቃል? ጉንፋን ያደረሰብኝ ይኸው ነው። ዝቅ ብዬ ስዘምር ደህና ሰው ነኝ፤ ከፍ ስል እንደ ዛገ በር ሲጥ እላለሁ።

የኳየራችን መሪ ጋሽ ተፈራ ታግሰው ታግሰው፣ እሁድ ለብቻዬ የምዘምራት ከፍታ ካልወጣችልኝ ከወፍራም ድምፆቹ፣ ከቤዞቹ ጋር እንደሚያቆሙኝ ነገሩኝ። ዕድሜ ልኩን ቴነር፣ የወንዶቹ ቀጭን ድምፅ፣ ሆኖ ለኖረ ሰው ወደ ቤዝ መውረድ ከሹመት እንደ መሻር ነው። መድኃኒቱንም ራሳቸው አዘዙ፦ "ኡ" እያልኩ፣ ሳልጮህ፣ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብዬ እንድንሸራተት፤ ጉሮሮዬን እንዳላስገድድ፤ ለስልሶ ከወጣ ጉልበቱ በኋላ እንደሚመጣ።

ምክሩ ጥሩ ነበር። ግን የት? በአገራችን "ኡ" ብሎ ጀምሮ ጎረቤት የማይሰበስብ ማን አለ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ከቢሮ ስመለስ፣ እዚያው ሰፈሬ ካዛንቺስ፣ ነዋሪዎቹ ለቀውት መፍረሱን ወደሚጠብቅ ቤት ገባሁ። በርና መስኮቱ ተነቅሏል። ግድግዳው ላይ ፎቶ ተሰቅሎ የነበረበት ቦታ ብቻ ነጣ ነጣ ብሎ ቀርቷል።

ተንሸራተትኩ። ድምፄ እንደ ልማዱ ሊሰነጠቅ ሲል፣ ከውስጠኛው ክፍል ሌላ ድምፅ ተቀበለኝና ወደ ላይ ይዞት ወጣ። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ የሴት። ዝም አልኩ፤ ዝም አለ። የገደል ማሚቶ ነው አልኩ፤ የተማርኩ ሰው አይደለሁ? ግን የገደል ማሚቶ ከባለቤቱ በላይ ይወጣል? "ጩኸቴን ቀሙኝ" ሲባል እሰማ ነበር እንጂ እንዲህ በቁሜ ይደርስብኛል ብዬ አላሰብኩም።

በማግስቱም ሄድኩ። ፈርቼ ነበር፤ ቤዝን ግን ይበልጥ እፈራለሁ። ደጋግመን እየተንሸራተትን ሳለ፣ ከሰፈሩ ገና ያልለቀቁት ጎረቤቴ እማማ ዘውዴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆሙ። ማን እንደሞተብን ጠየቁኝ። ማንም እንዳልሞተ፣ መዝሙር እየተለማመድኩ እንደሆነ አስረዳሁ። ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው መዝሙር ስላገኙ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

"አንተስ ዘምር፣ ልጄ" አሉ ወደ ውስጠኛው ክፍል እያዩ። "እሷ ግን እያለቀሰች ነው።"

ክፍሉን ገብቼ አላየሁም። አንተ ብትሆን ታይ ነበር?

እሁድ ያቺ ከፍታ ላይ ስደርስ አልተሰነጠቅኩም። ድምፄ ቀጠነ፣ ጠራ፣ ጣሪያውን ነካ። ከፊት የተቀመጡት እንባቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ጉሮሮዬ ላይ ግን ምንም አልተሰማኝም፤ ሌላ ሰው ተውሶኝ የሚዘምር ይመስል ነበር። ጋሽ ተፈራ በደስታ እጄን ጨብጠው ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። ከሰፈር ነው አልኳቸው።

ከቤዝስ ድኛለሁ። ከመጪው እሁድ ጀምሮ የምቆመው ከሴቶቹ ጋር ነው።