የሰናይት ሞዳክ

እዚህ ሰው አገር፣ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ፣ አፓርትመንት ስትከራዩ የጎረቤት ሽታ አብሮ ይመጣል። ኪራዩ ውስጥ የተካተተ ነው። የእኛ የሕንድ ነው። ግድግዳ ብቻ የሚለየን አንዲት ትልቅ ሴት አሉ፤ ሕንፃው ሁሉ አንቲ ይላቸዋል፣ እኔም አንቲ እላቸዋለሁ።

አንቲ ለበዓላቸው ሞዳክ ይሠራሉ። ሞዳክ ምን መሰላችሁ? የሩዝ ሊጥ ነው። ሆዱ ውስጥ ኮኮናትና ያልተጣራ ስኳር ይገባና፣ ጠርዙ እንደ ሽንሽን ቀሚስ እየታጠፈ ከላይ ይሰበሰባል። ከዚያ በእንፋሎት ይበስላል። ሲያዩት የነጭ ሽንኩርት ራስ ነው። ባለቤቴ ሰናይት ከሳቸው ተምራ ቅዳሜ ቅዳሜ መሥራት ጀመረች። እኔ ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን እውላለሁ። ስመለስ እሷና ልጃችን ኤደን ጨርሰውት ጣታቸውን ሲልሱ እደርሳለሁ። “ቀረብህ!” ትለኛለች። ጣፋጭ አልወድም፣ አይቆጨኝም ነበር። አሁን ነው የሚቆጨኝ።

ሰናይት ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ኤደን ገና አራት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ምን ያህል ይታወሳል? ፎቶ ሳሳያት “ማሚ” ትላለች፤ አጎቴንም በፎቶ ብቻ ታውቀዋለች፣ አግኝታው ሳታውቅ እሱንም በስሙ ትጠራዋለች። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

ባለፈው ሳምንት ግን ቁርስ ላይ፣ ከመሬት ተነስታ፣ “የማሚን ሞዳክ እፈልጋለሁ” አለችኝ። ማንም ሳያሳያት፣ ራሷ አስታውሳ! ሶ፣ እንዴት እምቢ ይባላል?

አንቲ ጋ ሄድኩ። ወጥ ቤታቸው አስገብተው አስተማሩኝ። ሊጡ በትኩሱ ነው የሚታሸው፤ ሻንጣ የለመደ መዳፍ ለካ እሳት አያውቅም። የመጀመሪያው ተቀደደና ስኳሩ ፈሰሰ። “ጉርሻ አይደለም፣ አትጨብጠው” አሉኝ። ጉርሻን ያስተማረቻቸው ሰናይት ናት። በመጨረሻ የተዋጣልኝን ይዤ ሮጥኩ። ነጭ፣ ሽንሽኑ እኩል፣ ሄል ሄል የሚል።

ኤደን ነከሰችና አስቀመጠችው።

“ኖ፣ ባባ። የማሚ አይደለም።”

“የማሚ ነው እንጂ፣ የኔ ቆንጆ። እሷም ከአንቲ ነው የተማረችው።”

“ኖ! የማሚ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል።”

ስኳርና ዶሮ ወጥ ምን አገናኛቸው? እንዲስቁ ብዬ ለአንቲ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ሳቁና በሻርፓቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ለካ ሰናይትን “ቅቤ አንጥረሽ ጨምሪበት” ብለዋት ኖሯል። የሳቸው ንጥር ምንም አይገባበትም። የኛ ማንጠር ምን እንደሆነ ግን ታውቃላችሁ። ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ አብሽ። አንቲ መጀመሪያ ሲቀምሱ ደነገጡ። ግን አልነገሯትም። “በዚያ ሁሉ ደስታ ይዛ እየመጣች እንዴት ብዬ?” አሉኝ።

ፍሪዘር ውስጥ ሰናይት ያነጠረችው ቅቤ አለ። ጎደል ያለ ብልቃጥ ነው። ከሞተች ወዲህ አልነካሁትም፣ ለወጥ ከሱቅ ነው የምገዛው። ለምን እንደማስቀምጠው አላውቅም። ማለቴ አውቃለሁ። እሱ ካለቀ በእጇ የሠራችው የሚበላ ነገር ቤት ውስጥ የለም። ብልቃጡን ይዤ ፍሪዘሩ ፊት ቆምኩ። ኤደን “ባባ፣ ዝጋው፣ ይበርዳል” አለችኝ። ዘጋሁት። ብልቃጡ ግን እጄ ላይ ቀረ።

መጥበሻው ላይ ሲቀልጥ ቤቱ ሰናይት ሰናይት አለ። ኤደን ከሶፋው ወርዳ መጣች። ቆማ አሸተተች።

“ማሚ ስትሠራ ቀይ ሻሽ ታደርጋለች” አለች።

ፎቶዎቹ ላይ ቀይ ሻሽ የለም። እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ፤ ቅቤ ዓይን ያቃጥላል እንዴ?

ሽንሽኑ ተበላሸብኝ። ኤደን ግን በላች፣ ጣቷን ላሰች። አንቲን ጠራናቸውና መጡ። ነክሰው ረጅም ጊዜ አኘኩ።

“መጥፎ ነው” አሉ። “ልክ የሷን ያህል መጥፎ።” ከዚያ ሌላ አነሱ።

“ቅቤው ሲያልቅስ?” አልኳቸው።

“ሌላ ታነጥራለህ።”

“ምን ምን እንደምትጨምር አላየሁም። ሥራ ላይ ነበርኩ።”

ወደ ኤደን ጠቆሙኝ። ጠየቅኳት። ማሚ ቅቤው ውስጥ ምን ምን ትጨምር ነበር?

አሰበች።

“ሁሉንም” አለችኝ።

“ልክ ናት” አሉ አንቲ፣ እያኘኩ።