ወደ ግራ ስትታጠፍ የምትገለበጠው መኪና

እኛ ሰዎች ሚዛን ላይ የማናወጣው ነገር የለም። ዳኛውን፣ ሰባኪውን፣ የጎረቤትን ልጅ፣ የሙሽራዋን ቤተሰብ፤ ሁሉንም እንመዝናለን። ሚዛኑን ራሱን የሚመዝን ግን እምብዛም አልገጠመኝም። እናንተስ? እኔ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያውም መዛኟ ልጄ፣ ተመዛኙም የኔው ሚዛን ሆኖ።

ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ዳገቱ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ማለት ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ። ቀን ቢሮ እሠራለሁ፤ ከቢሮ መልስ በርበሬና ሽሮ በመስኮት እሸጣለሁ። ሁለት በር አለፍ ብሎ እትዬ ብርቄም ይሸጣሉ። እሳቸው ኪሎ ካሉ ኪሎ ነው፤ ቅንጣት አይጨምሩም። ስለዚህ ሰፈሩ “ቋጣሪ” ይላቸዋል። እኔ ግን “መርቂልኝ” ያለኝን አላሳፍርም። ከመዘንኩ በኋላ አንድ ማንኪያ ጣል አደርጋለሁ። “እጇ ይባረክ” የምባለው እኔ ነኝ።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ሚዛኔ ከዓመት በፊት ከመደርደሪያ ወድቋል። ከዚያ ወዲህ እሱ ኪሎ ሲል ዕቃው ሃምሳ ግራም ይጎድላል። የምመርቅባት ማንኪያ ደግሞ ሃያም አትሞላ። ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም። ያላሠራሁት ግን እኔ ነኝ። እሁድ ቸርች ዓይኔን ጨፍኜ “ኃጢአቴን ይቅር በለኝ” እላለሁ፤ በጅምላ ሲሆን ግራሙ አይጠየቅማ።

ልጄ ሊዲያ ኢንጂነሪንግ ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አያት ሰፈር ባለ ባዶ አስፋልት ላይ ከክፍሏ ልጆች ጋር በሪሞት የሚነዱ ትናንሽ መኪኖች ያሽቀዳድማሉ። መኪናዋ ክንድ አትሞላም፤ ግን ግራና ቀኟ እኩል ካልከበደ ኩርባ ላይ ትገለበጣለች አሉ። ሊዲያ የኔን ሚዛንና ከእትዬ ብርቄ የተዋሰችውን ጎን ለጎን አስቀምጣ የግራ ጎማዎቹን በኔ፣ የቀኞቹን በእሳቸው ላይ አሳረፈች። ግራው ከበደ። ከጎሚስታ ለምና ያመጣቻቸውን የጎማ ማመጣጠኛ የእርሳስ ቁራጮች በቀኝ በኩል እየለጠፈች ሁለቱን ቁጥሮች እኩል አደረገች። የትኛው ሚዛን እንደሚዋሽ እያወቅሁ ቆሜ አየሁ። “ሻይ ላፍላልሽ?” አልኩ።

ቅዳሜ አኩርፋ ተመለሰች። መኪናዋ ወደ ግራ በታጠፈች ቁጥር በቀኝ ጎኗ ስትደፋ ውላለች። ልጆቹም “ሊዱ፣ መኪናሽን እንቅልፍ ጣላት እንዴ?” እያሉ ሲስቁባት ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜም ከተገለበጠች ከውድድሩ ውጭ ናት። ወዲያው የእትዬ ብርቄን ሚዛን ዳግም ተውሳ አንድ ጠርሙስ ውሃ በሁለቱም ሚዛኖች መዘነች።

“ደረስኩበት እማ! አይገናኙም። የእትዬ ብርቄ ነው የተበላሸው። ምስኪን! ለሰው ሁሉ ሃምሳ ሃምሳ ግራም በነፃ ሲያድሉ ኖረዋል እኮ። አሁኑኑ እንዳንቺው አስተካክልላቸዋለሁ።”

“የሳቸው መሆኑን በምን አወቅሽ?”

“እንዴ! ያንቺማ እንዴት ይሆናል?”

ካቻቢቴዋን አንስታ የእትዬ ብርቄን ሚዛን ገለበጠችው። በሰፈሩ የቀረው አንድ እውነተኛ ሚዛን በልጄ እጅ፣ በኔ ዝምታ ሊጣመም ነው።

“ተይው ሊዲያ። የሚዋሸው የኔው ነው።”

“ታውቂ ነበር?”

“ከወደቀ ጀምሮ።”

“እርሳሱን ስለጥፍ ቆመሽ እያየሽኝ?”

ካቻቢቴውን አስቀምጣ እርሳሱን አንድ በአንድ በጥፍሯ ትልጥ ጀመር። ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። ሰፌዳቸውን ማበጠር እንኳ አላቆሙም።

“ካንቺ የገዛ ሰው እኔ ጋ መጥቶ ‘እስቲ መዝኚልኝ’ ሲለኝ ዓመቱ ነው እኮ፣ ልጄ።”

“ታዲያ ምን ይሏቸዋል?”

“ዓይኔ ቁጥሩን አያይልኝም እላለሁ።”

ዓይናቸው ከኔ ዓይን ይበልጥ ያያል።

ሊዲያ መኪናዋን በእሳቸው ሚዛን ብቻ፣ አንዱን ጎን ከሌላው አስከትላ መዝና አስተካከለች። ቅዳሜ አንድ ጊዜም ሳትገለበጥ ሦስተኛ ወጣች። እኔም ሚዛኔን አሠራሁ። ለደንበኞቼም በየተራ እየነገርኩ ነው፤ አብዛኞቹ ሳቁ፣ አንዷ ግን መምጣት ተወች።

ባለፈው ዓርብ የተሠራውን ሚዛን ወልውዬ ሊዲያ ፊት አስቀመጥኩት። ደስ እንዲለኝ መኪናዋን አሳረፈችበት፤ ቁጥሩን አየች፤ “አሪፍ ነው እማ” አለች። ከዚያ መኪናዋን ብብቷ ውስጥ ከትታ ወደ በሩ አመራች።

“ወዴት ነው?”

“እትዬ ብርቄ ጋ። ለማረጋገጥ ያህል ነው።”

“ሂጂ” አልኳት። እኔም ብሆን እሄድ ነበር።