ከቡናማው ጫማ ቀጥሎ

ሰፈራችን ሆጤ ውስጥ ልጁ ገና ፊደል ሳይቆጥር «ዶክተር መቼ ነው የምትሆነው?» የሚል ዓይነት ወላጅ አለ። አላጋጠማችሁም? እንግዲያው እኔን እዩኝ። የአምስት ዓመቷ ልጄ ዘሃራ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ እያለች ቆርኪ መደርደር ተምራ ስትመጣ፣ «ይሄም ትምህርት ሆኖ?» ብዬ መምህርቷ ድረስ ሄጃለሁ። «ቀጥሎ የሚመጣውን እንዲያውቁ ነው» አለችኝ። ሳቅሁባት።

ቅዳሜ ዕለት ሽማግሌዎች እኔንና ወንድሜን ሊያስታርቁ ቤቴ መጡ። ታረቅን፤ ዱዓ ተደረገ። ስንወጣ ዘሃራ በር ላይ የወለቀውን ጫማ ሁሉ ጥንድ ጥንዱን ለያይታ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ አድርጋ እስከ አጥሩ ደርድራዋለች።

«ከዚህ ቀጥሎስ?» አለች፣ የመጨረሻውን ቡናማ እያሳየች።

አገር የሚያስታርቁት ሐጂ ይማም ፂማቸውን ዳሰስ አድርገው፣ «ጥቁር ነዋ፣ ልጄ» አሉ። አጨበጨበችላቸው።

እሳቸው ግን ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተስ? አምና ተጣላችሁ፣ ታረቃችሁ፤ ዘንድሮ ተጣላችሁ፣ ታረቃችሁ። ቀጥሎስ?»

እኔና ወንድሜ አቀርቅረን ጫማችንን መፈለግ ጀመርን።